የገል ምስክርነት፦ ፍልስጥኤማውያንና የአመጣጥ ጥያቄ

ከጥንታዊ ፍርስራሽ ውስጥ የሚወጣ ገል ሦስት አመጣጥ ሊኖረው ይችላል። ጭቃው ከአንድ ስፍራ ተቆፍሯል፤ ጭቃውን ያበጀው እጅ ከሌላ አገር የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ያ እጅ የተማረው ሙያ ደግሞ ከሦስተኛ ቦታ የፈለቀ ሊሆን ይችላል። ቤተ ሙከራ በልበ ሙሉነት የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሰው ግን አብዝቶ የሚጠይቀው የቀሩትን ሁለቱን ነው። አንድ ሕዝብ ከየት መጣ? ጥበቡን ከማን ወሰደ? የራሱ የሆነው የትኛው ነው? ቁፋሮው በመጽሐፍ ቅዱስ አገሮች ሲሆን ደግሞ ነገሩ በታሪክ ብቻ አያበቃም፤ ገሉ ለእምነት ወይም በእምነት ላይ እንዲመሰክር ይጠራል። በዚህ ረገድ ከፍልስጥኤማውያን ሸክላ ይበልጥ የሚያስተምር ጉዳይ ማግኘት ይከብዳል።

እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የሸክላ አመጣጥ የሚለየው በዓይን ነበር። እንግሊዛዊው ፍሊንደርስ ፔትሪ እ.ኤ.አ. በ1890 ቴል ኤል-ሔሲ በተባለው ጉብታ ላይ ሲቆፍር የሸክላው ዓይነት ከንብርብር ወደ ንብርብር እንደሚለወጥ አስተዋለ፤ ከዚያ ወዲህ ገል የዘመን መለኪያ ሆነ። ዘመንን መለየት ግን አገርን እንደ መለየት አይደለም። ቅርጽም ጌጥም ይኮረጃል፤ በአንድ ከተማ የተወደደ ጋን በሌላው ከተማ አስመስለው ይሠሩታል። ዓይን የሚያየው መመሳሰልን ነው፤ መመሳሰሉ ከንግድ፣ ከስደት ወይም ከቅጂ የመጣ መሆኑን ለመለየት አቅም የለውም።

መፍትሔው ካልተጠበቀ አቅጣጫ መጣ። በአቶም ቦምብ ሥራ ስሙ የሚነሳው ሮበርት ኦፔንሃይመር እ.ኤ.አ. በ1956 በፕሪንስተን አርኪዮሎጂስቶችንና ኬሚስቶችን አንድ ላይ ሰበሰበ። በዓመቱ የብሩክሄቨን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ባለሙያዎች ኤድዋርድ ሴይርና ሪቻርድ ዶድሰን የሜዲትራኒያን ገሎችን በኒውትሮን የመረመሩበትን ውጤት አሳተሙ። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ከገሉ አንድ አሥረኛ ግራም ያህል ዱቄት ይፈለፈላል፤ ዱቄቱ በኑክሌር ማብላያ ውስጥ በኒውትሮን ይመታል፤ በዚህ ጊዜ በውስጡ ካሉት አቶሞች አንዳንዶቹ ያልተረጋጉ ይሆኑና እየፈረሱ ጋማ ጨረር ይለቃሉ። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የሚለቀው ጨረር የራሱ ጉልበት ስላለው፣ ጨረሩን በመለካት በጭቃው ውስጥ ምን ምን ንጥረ ነገር በምን ያህል መጠን እንዳለ ይታወቃል። ብዙ የሚናገሩት እንደ ሲልከንና አልሙኒየም ያሉት በሁሉም ጭቃ ውስጥ ሞልተው የሚገኙት አይደሉም፤ ስካንዲየም፣ ላንታነም፣ ሃፍኒየም፣ ሲዚየም፣ ቶሪየምና የመሳሰሉት ከሚሊዮን እጅ ጥቂት እጅ ብቻ የሚገኙት ናቸው። ሸክላ ሠሪዋ ስለ እነርሱ አታውቅምና ልትመርጣቸውም ልትደብቃቸውም አትችልም።

ከዚህ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ፣ ዕድሜው የገፋና ወጪው ያነሰ መንገድ አለ። ገሉ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር ሦስት መቶኛ እስኪሆን ድረስ ተቆርጦና ተሞርዶ ብርሃን ሲያሳልፍ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ በጭቃው ውስጥ ያሉት የድንጋይ ቅንጣቶች ከየትኛው ዓይነት ምድር እንደ መጡ ይለያሉ። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስባሪ ያለበት ማሰሮ በኖራ ድንጋይ አገር አልተሠራም። ሁለቱ መንገዶች ሲተባበሩ ውጤቱ ይጠናከራል፤ ሲቃረኑ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን የጠያቂው ነው። ሥራው ሁሉ የቆመው በአንድ መርህ ላይ ነውና፦ በሁለት የአፈር ምንጮች መካከል ያለው ልዩነት በአንዱ ምንጭ ውስጥ ካለው ልዩነት መብለጥ አለበት። ይህ ሁልጊዜ አይሟላም። ሸክላ ሠሪ ሁለት አፈር ታዋህዳለች፤ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ትጨምራለች፤ ጭቃውን በውኃ አጥልላ ደቃቁን ብቻ ታስቀራለች። እያንዳንዱ ድርጊት የኬሚካሉን መልክ ይለውጣል።

ዘዴውን ወደ ከነዓን ሸክላ ያመጡት የካሊፎርኒያ በርክሌይ ኬሚስቶች ኢሳዶር ፐርልማንና ፍራንክ አሳሮ ናቸው። የለኪዎቹ ጥንቃቄ ምን ያህል እንደ ነበር ለመገመት አንድ ነገር ማስታወስ ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ዳይኖሶሮችን ያጠፋው ከሰማይ የወረደ ዓለት ነው የሚለው አሳብ የቆመበትን የኢሪዲየም ልኬት ከሠሩት አንዱ ይኸው አሳሮ ነው። በጥንት ድስት ላይ የተሳለ መሣሪያ ነበር።

መሣሪያው ምን ማፍረስ እንደሚችል በቶሎ ታየ። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ዓ.ዓ. ግድም በከነዓን ከተሞች በቀይና በጥቁር የተቀባ፣ እንስሳና ልዩ ልዩ መስመር የተሣለበት መልካም ሸክላ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ የአንድ የአገሩ ተወላጅ ሠዓሊ እጅ በዚህ ሸክላ ላይ ተለይቷል ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ ክሌር ኤፕስታይን ሰፊ ጥናት አሳትማ ሸክላውን ከሰሜን ወደ ከነዓን ከገቡት ሑራውያን ጋር አያያዘችው። አንድ ሕዝብ መጣ፣ ሸክላውንም ይዞ መጣ የሚለው ታሪክ ሙሉ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ሚካል አርትዚ ከአሳሮና ከፐርልማን ጋር ገሎቹን ስትመረምር ግን ከፍተኛው ክፍል ከምሥራቅ ቆጵሮስ አፈር የተሠራ ሆኖ ተገኘ። በመጊዶ በአገር አፈር የተሠራም ነበር፤ ቢሆንም ሸክላው በመሠረቱ በመርከብ የመጣ ሸቀጥ ነበር። ሑራውያን በከነዓን መኖራቸው በጽሑፍ ይታወቃል፤ በዚህ ሸክላ ግን አይታወቅም። ወራሪ የተባለው ነጋዴ ሆኖ ወጣ።

ከዚህ በኋላ አንድ ደንብ የተገኘ ይመስላል፦ ጭቃው የውጭ ከሆነ ሸክላው ባዕድ ነው፤ ጭቃው የአገር ከሆነ ሸክላውም የአገር ነው። ፍልስጥኤማውያን ይህን ደንብ ገለበጡት።

የግብፁ ፈርዖን ራምሴስ ሦስተኛ በነገሠ በስምንተኛው ዓመት፣ በ1170ዎቹ ዓ.ዓ. ግድም፣ በባሕርና በየብስ የመጡ ሕዝቦችን እንደ ወጋ በመዲነት ሃቡ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ አስቀርጿል። ከእነርሱ አንዱ ፍልስጥኤማውያን ናቸው። ከዚያ ዘመን ጀምሮ በደቡብ ከነዓን የባሕር ዳርቻ፣ በአዛጦን፣ በአስቀሎና፣ በአቃሮንና በጌት ፍርስራሽ ውስጥ ከአካባቢው ልማድ ጋር የማይገጥም ሸክላ ብቅ ይላል። የደወል ቅርጽ ያላቸው ጎድጓዳ ሳህኖች፣ ሁለት እጀታ ያላቸው ሰፋፊ የወይን መበጥበጫዎች፣ በአንድ ቀለም የተሣሉ ጥምዝምዞች፣ አንገቱን ወደ ኋላ የመለሰ ወፍ፤ ሁሉም የግሪክ አገሮችንና የቆጵሮስን ሥራ ይመስላሉ። ሞሼ ዶታን በአዛጦን የቆፈራቸው ገሎች ወደ በርክሌይ ተልከው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲታተም፣ ጭቃው የግሪክም የቆጵሮስም ሳይሆን የዚያው የአዛጦን አካባቢ ጭቃ ነበር። በአቃሮን ትሩድ ዶታንና ሲሞር ጊቲን ባካሄዱት ቁፋሮ የተገኙት ላይም ተመሳሳይ ውጤት ታየ።

በመጀመሪያው ደንብ ቢፈረድ ፍልስጥኤማውያን ከየትም አልመጡም ማለት ነበር። ፍርዱ ግን ተቃራኒ ነው። ሸክላው በመርከብ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ንግድ ብቻውን ይበቃ ነበር፤ ስለ ሰው ፍልሰት ማሰብ አያስፈልግም። በባዕድ አሠራር፣ በአገር ጭቃ፣ በብዛትና ለዕለት ተዕለት ግልጋሎት ሲሠራ ግን ሙያውን የሚያውቅ እጅ እዚያው ተገኝቶ ነበር ማለት ነው። የኬሚስቱ መልስ "የአገር ነው" የሚል ነበር፤ የታሪኩ ትርጓሜ "ሠሪዎቹ ከውጭ መጡ" ሆነ። ሁለቱ አይጋጩም፤ የተጠየቁት ጥያቄ የተለያየ ነው። በገል ጥናት ውስጥ ከዚህ የበለጠ ፍልስፍናዊ ክብደት ያለው ነጥብ አለ ለማለት ያስቸግራል፤ አንድ ዓይነት ማስረጃ እንደ ተጠየቀው ጥያቄ ተቃራኒ መልስ ይሰጣልና።

የሥዕል ማጌጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ አሁንም መጠራጠር ይቻል ነበር፤ ጌጥ ፋሽን ነው። ክርክሩን ያጠነከረው ማእድ ቤቱ ነው። ከነዓናውያን የሚያበስሉት አፉ ሰፊ፣ ታቹ ክብ በሆነ ድስት ነበር። በአዲሶቹ ሰፈሮች ግን እጀታ ያለው፣ ታቹ ጠፍጣፋ የሆነ ማሰሮ ከምድጃው ዳር ተቀምጦ ቀስ እያለ ያበስላል፤ ምድጃውም በቤቱ ወለል ላይ የተሠራ ነው። የሸማኔ ክር ማጥበቂያዎቹ እንኳ እንደ ከነዓን ልማድ የተበሱ ሳይሆኑ እንደ ክር መጠቅለያ ወገባቸው የቀጠነ የጭቃ ጥቅሎች ናቸው። እንዲህ ያለውን ነገር ለእንግዳ ለማሳየት ብሎ የሚገዛ የለም፤ ከእናት የተማሩት የቤት ልማድ ነው። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ከኢትዮጵያውያን ቤት የሚገኝ የኤሌክትሪክ ምጣድም እንዲሁ ነው፦ ብረቱን የመረመረ ኬሚስት ወደ ኢትዮጵያ የሚመራ አንዳች ነገር አያገኝም፤ ስፋቱን፣ ልሙጥነቱንና አክንባሎውን ያየ ሰው ግን ባለቤቱ ከየት እንደ መጣ ለመገመት አይቸገርም።

እዚህ ላይ መቆም ግን አደገኛ ነው። "ይህ ሸክላ ያለበት ቦታ ይህ ሕዝብ ነበረ" የሚለው አነጋገር በአውሮፓ ክፉ ታሪክ አለው። ጀርመናዊው ጉስታፍ ኮሲና በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የቁስ ባህልን ድንበር ከዘር ድንበር ጋር አንድ አድርጎ የጀርመናውያንን ጥንታዊ ግዛት በገል ካርታ ሣለ፤ ናዚዎች ያንን ካርታ ለመስፋፋት ምክንያት አድርገው ተጠቀሙበት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጡት አርኪዮሎጂስቶች ሸክላ ሰው አይደለም ብለው የተማማሉት ስለዚህ ነው።

መጠንቀቃቸው ተገቢ መሆኑን የኢትዮጵያ ታሪክ ራሱ ያሳያል። በጎንደር ዙሪያ፣ በወለቃና በሌሎች መንደሮች፣ የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ ይሠሩ ነበር፤ ደንበኞቻቸው ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። እንስራው፣ ድስቱና ምጣዱ በክርስቲያኑ ቤት እየዋለ ሠሪዋ በቡዳነት ትታማ ነበር። የዚያን ቤት ፍርስራሽ የሚቆፍር ሰው ሸክላውን አይቶ ስለ ቤቱ ሰዎች ሃይማኖት ቢፈርድ ፍጹም ይሳሳታል፤ ገሉ የሠራችውን ይናገራል እንጂ የበላበትን አይናገርም። ጭቃውን ከአንድ ወንዝ ዳር የቀዱ ሁለት ማኅበረሰቦች ደግሞ በኬሚካል አይለዩም። በአክሱም፣ በአዱሊስና በመጠራ የሚገኙት ረዣዥም፣ ታቻቸው የሾለ ማጓጓዣ ጋኖችም እንዲሁ ያሳስታሉ። የተገኙበት ቦታ አክሱማዊ ያስመስላቸዋል፤ የተተኮሱባቸው ምድጃዎች ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዮርዳኖስ ወደብ በአቃባ፣ በጥንቷ አይላ፣ ተገኙ። የመርከብ ጭነት ነበሩ። አክሱም ከሰሜን ቀይ ባሕር ጋር ትነግድ እንደ ነበር ያረጋግጣሉ፤ ስለ አክሱማውያን ማንነት ግን የሚሉት ነገር የለም።

ስለዚህ የፍልስጥኤማውያን ጉዳይ በሸክላ ብቻ አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2019 ከአስቀሎና መቃብሮች የተወሰደ የ10 ሰዎች ጥንታዊ ዘረ መል ጥናት ታተመ። በብረት ዘመን መጀመሪያ ከቤት ወለል ሥር የተቀበሩት ሕፃናት ቀድሞ በከተማዋ ከነበሩት ሰዎች የተለየ፣ ከደቡብ አውሮፓ ጋር የሚዛመድ የዘር ድርሻ ነበራቸው። መጤዎቹ እውነተኛ ነበሩ። ይበልጥ የሚያሳስበው ግን የጥናቱ ሁለተኛ ክፍል ነው፦ ከሁለት መቶ ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በተቀበሩት ሰዎች ላይ ያ ድርሻ በጉልህ አይታይም። ተጋብተው፣ ተዋልደው፣ በአገሬው ብዛት ተውጠዋል። ሸክላውም በራሱ መንገድ ይህንኑ አሳይቷል፤ የመጀመሪያው ባለ አንድ ቀለም ሸክላ በነጭ ቅባት ላይ በቀይና በጥቁር ለሚሣል፣ የግብፅንና የከነዓንን ቅርጽ ለቀላቀለ ዓይነት ቦታ ለቀቀ፤ ቀጥሎም ያ ራሱ ጠፋ።

ፍልስጥኤማውያን ግን አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1996 በአቃሮን የተገኘው የሰባተኛው መቶ ዓመት ዓ.ዓ. የድንጋይ ጽሑፍ ቤተ መቅደሱን የሠራውን ንጉሥ ይጠራል፤ ስሙ በዳዊት ዘመን የጌት ንጉሥ ከነበረው ከአንኩስ ስም ጋር አንድ ነው። የጽሑፉ ቋንቋ ሴማዊ ነው፤ የንጉሡና መቅደሱ የተሠራላት አምላክ ስም ግን ከሴማዊ የተገኘ አይመስልም። ጭቃው ከጥንቱም የአገሩ ነበር፤ ደሙ ተቀላቅሏል፤ ጌጡ ተረስቷል፤ ቋንቋው ተለውጧል፤ የቀረው ስምና ትዝታ ነው። እነዚህ ሰዎች ፍልስጥኤማውያን ነበሩ ወይ ቢባል፣ ራሳቸውም ጎረቤቶቻቸውም አዎን ይሉ ነበር። ማንነትን በአንድ ንጥረ ነገር ላይ ለማሰር የሚፈልግ ሁሉ፣ ንጥረ ነገሩ ሃፍኒየም ይሁን ዘረ መል፣ ለዚህ ጉዳይ መልስ የለውም።

ሃይማኖታዊው ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ነው። ነቢዩ አሞጽ በስምንተኛው መቶ ዓመት ዓ.ዓ.፣ ፍልሰቱ ካለፈ ከአራት መቶ ዓመት ግድም በኋላ፣ ፍልስጥኤማውያን ከከፍቶር እንደ መጡ ይናገራል። በዚያ ጊዜ በገበያ ላይ ያለው የፍልስጥኤም ድስት ያንን አያስታውስም ነበር። የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ይህን ክፍል ስለ ሌላ ነገር ያውቁታል፤ በምዕራፍ ዘጠኝ እግዚአብሔር እስራኤላውያንን ከኢትዮጵያ ልጆች ጋር የሚያስተካክልበት ስፍራ ነው። እዚያው የእስራኤል ከግብፅ መውጣት፣ የፍልስጥኤማውያን ከከፍቶርና የሶርያውያን ከቂር መውጣት እንደ አንድ ዓይነት ሥራ ተደርድረዋል። ቤተ ሙከራ ከዚህ ውስጥ አንዱን ክፍል ደግፏል ማለት ይቻላል፦ ፍልስጥኤማውያን በእርግጥ ከባሕር ማዶ መጡ። ከፍቶር የትኛው ደሴት እንደ ሆነ ግን ጭቃው አይናገርም፤ ሸክላው እዚያው ስለ ተሠራ። ቀርጤስ ነው የሚለው አሳብ በግብፅ ጽሑፎች ላይ ያርፋል፤ የሸክላው አሠራር ቆጵሮስንና ኪልቅያንም ይጠቁማል።

ይህን ይዞ ሳይንስ መጽሐፉን አረጋገጠ የሚል ሰው ግን ዋጋውንም መክፈል አለበት። በአሞጽ ቃል ጎን ለጎን የቆሙት ሁለት መውጣቶች በገል ሚዛን እኩል አይደሉም። በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት ዓ.ዓ. በተራራማው አገር የተመሠረቱት፣ የጥንት እስራኤላውያን ናቸው የሚባሉት መንደሮች ሸክላ ከከነዓን ሸክላ የወረደ ነው፤ የግብፅ እጅ አይታይበትም። ገል እውነተኛ ምስክር ከተባለ ለፍልስጥኤማውያን ሲናገር እየሰሙ ለእስራኤል ዝም ሲል ጆሮ መድፈን ሐቀኝነት አይደለም። ዝምታውን እንደ ክህደት ቃል የሚቆጥረው ወገንም በሌላው ጫፍ ይሳሳታል። በሰባተኛው መቶ ዓመት ዓ.ም. ዓረቦች ሶርያንና ፍልስጥኤምን ሲይዙ የአገሩ ሸክላ ለረጅም ጊዜ እንደ ቀድሞው ቀጠለ፤ ሸክላውን ብቻ ያየ ሰው መንግሥትና ሃይማኖት መለወጡን አያውቅም ነበር። ሸክላ ሠሪ ሳይዝ የሚሰደድ ሕዝብ አለ፤ የደረሰበትን አገር ድስት የሚገዛ አለ።

ከሁሉም በላይ፣ ነቢዩ የሚከራከረው ሕዝቦቹ ከየት እንደ መጡ አይደለም፤ አድማጮቹ ያንን ያውቁታል። የሚናገረው ማን እንዳመጣቸውና ከግብፅ መውጣት ብቻውን በሌላው ላይ የማይደፈር መብት እንደማይሰጥ ነው። በዚህ ላይ ቤተ ሙከራ ለማንም አይመሰክርም፤ በገል ውስጥ የሚለካ ነገር የለውምና። የሚገርመው፣ አመጣጥን የልዕልና ማስረጃ ማድረግን የሚነቅፈው ይህ ቃል፣ አመጣጥን ለማስረገጥ ከሚጠቀሱት ጥቅሶች አንዱ መሆኑ ነው።

የገል ዝምታ ምን ያህል እንደሚያስት የሚያሳየው የመጨረሻው ምሳሌ የፍልስጥኤማውያኑ የራሳቸው ነው። በ604 ዓ.ዓ. የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር አስቀሎናን አቃጠለ፤ የአቃሮንም ፍጻሜ በዚያው ሰሞን ሆነ፤ ሕዝቡም ወደ መስጴጦምያ ተጋዘ። ለአስቀሎና ንጉሥ ልጆች ቀለብ እንደ ተሰፈረላቸው በባቢሎን ቤተ መንግሥት መዝገብ ላይ ይነበባል፤ በኒፑር አካባቢም በአስቀሎናና በጋዛ ስም የተጠሩ መንደሮች ነበሩ። ይህ ሁለተኛው ስደት የታወቀው ከጽሑፍ ነው፤ ከሸክላ አይደለም።